የጥላ ልክ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለቀያሹ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እግርህስ? እኔ ደህና ነኝ። ዐይኔ ትንሽ ደክሟል፤ ግን የሚስተው መርፌ እንጂ ሰው አይደለም። ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። አንዴ ቆሜ አነበብኩት፣ አንዴ የስፌት መኪናዬን ተደግፌ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ጓሮ ወጥቼ እዚያው ዛፉ ሥር ጮክ ብዬ። ሞት ሲፈረድበት ቅጠሉን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

«ጡረታ ወጥቼ ስመጣ ዛፉ ተቆርጦ፣ ጓሮው በሲሚንቶ ተለስኖ ልየው» ብለሃል። መልካም። ቤቱን አባታችን ለሁለታችን እኩል ነው የተወልን። የፊተኛው ክፍል የኔ ስፌት ቤት፣ የኋለኛው ያንተ መኝታ። እንግዲህ ዛፉም ግማሹ የኔ ነው ማለት ነው። የትኛውን ግማሽ ነው የምትቆርጠው?

ጓሮው ያስቀይማል፤ አልክድህም። አባታችን ካለፈ ወዲህ ሃያ ዓመት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ፀሐይ አይገባውም፣ ሣር አያበቅልም፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። የዛገ በርሜል አለ፣ አንድ እግሩ የወለቀ ወንበር አለ፣ እኔው ራሴ የጣልኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ አለ። የቅጠሉ ክምር ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የክፍልህን የኋላ መስኮት ከከፈትኩት ስንት ጊዜዬ! ግን አርባ አምስት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ሰው አሮጌ ካፖርት ይዞልኝ ሲመጣ «ጣለው» ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ዓመት ስጠኝ። ስትመጣ ዛፉ ሥር መቀመጫ አዘጋጅቼ ሻይ እቀዳልሃለሁ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ከተቀመጥክ ዛፉ ይኖራል። እንደ ልማድህ ትኩሱን ጨልጠህ ከተነሳህ ግን መጥረቢያውን ስዬ የማቀብልህ እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ ቃሌን አጥፌ ይሆናል፤ ይህን አላጥፍም።

እህትህ


ጥቅምት 27

ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሰባተኛው ድልድይ ላይ ደርሰናል። የምጽፍልሽ ከጣውላ በተሠራችው ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ካርታዎቹን በድንጋይ ካልጫንኳቸው ንፋስ ይወስዳቸዋል። ወገቤ ደህና ነው። እግሬም እንደ ነበረ ነው።

ውሉን ተቀብያለሁ። ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት አካፋ ይዛ ከተነሳች እምቢ ማለት ትርፉ ድካም ነው። ግን ስሚኝ። ሥሩ ላይ አፈር አትከምሪ፤ ሥር ይተነፍሳል፣ ካፈንሽው ዛፉ እኔን ሳይጠብቅ ይሞታል። ውሃው ወደ ቤቱ ግድግዳ እንዳይወርድ መንገድ አብጂለት። ደግሞ ይህ ልብስ አይደለም፤ ቢጠብ አይተረተርም።

ዛፉን የምጠላው በዚያ በድሮው ነገር እንዳይመስልሽ። እርጥበቱ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ከረምክ? መልስ በማዘግየቴ አትቀየመኝ፤ እጄ ከአፈር ሲወጣ መርፌ ይይዛል፣ ከመርፌ ሲወጣ አፈር። «ማን ያግዛታል?» ብለህ እንዳትጨነቅ፣ በርሜሉን ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ጎትቶ አወጣልኝ። ሌላውን እኔው ተወጣሁት። ቅጠሉን ጠርጌ ልጥለው ነበር፤ ከሥሩ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ዝናብ ዝናብ የሚል አፈር! ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሻሻ እያልኩ የናቅኩት ቅጠል አፈር ሆኖ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። አንዲት እፍኝ አልጣልኩም፤ ሥሮቹን ሳልጫን መልሼ አለበስኩት። ያለ ገበር ኮት አይሞቅም።

ቀጥሎ ዛፍ ቆራጭ ጠርቼ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ብቻ አስነሳሁ። ሰውየው «እትዬ፣ እጄ ከገባ አይቀር ሙሉውን ልጣለው?» ቢለኝ፣ «ፀጉሩን አስተካክል አልኩህ እንጂ አንገቱን አላልኩህም» አልኩት። አሁን ብርሃኑ በቅጠሉ መሃል እየተቆራረጠ መሬት ይደርሳል።

ከዚያ ልክ ወሰድኩ። አንድ ቀን ሙሉ፣ ደንበኞቼን እያስጠበቅኩ፣ በየሰዓቱ ወጥቼ ጥላው የደረሰበት ቦታ ላይ ችካል ተከልኩ፤ በችካሎቹ ላይ ቀይ ክር ወጠርኩ። የድሮ ጋዜጣ አጣብቄ እንደ ልብስ ቅድ ቆረጥኩና መሬቱ ላይ ዘረጋሁት። መምህሩ በአጥሩ አሻግሮ አይቶ «ምን እየሰፋሽ ነው?» አለኝ። «ለመሬቱ ቀሚስ» አልኩት። ሲስቅ መነጽሩ ወደ እኔ ግቢ ወደቀ።

ጥላው በከበደበት ቦታ ፈርን ተከልኩ፤ ያን ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀውን፣ ፀሐይ የማይወደውን። ዳር ዳሩን ነጫጭ አበባ፣ ጥላ ውስጥ አጉልቶ የሚታየው ነጭ ስለሆነ። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ወንድሜ፣ መጥረቢያውን ከአሁኑ እርሳው።

እህትህ


ጥር 12

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽን ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ምግብ አብሳያችን «ለመሬቱ ቀሚስ» የሚለው ላይ ሲደርስ በሳቅ እንባው መጣ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ልክ የወሰድሽው አንድ ቀን ብቻ ነው? በየትኛው ወር?

ወንድምሽ


መጋቢት 20

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሁለት ወር ዝም ያልኩህ ታምሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ጥያቄህን ሳነብ ተናድጄ ነበር። «ይሄ ደግሞ ልክ መውሰድ ሊያስተምረኝ!» ብዬ ደብዳቤህን የልብስ ቁልፍ ማኖሪያ ቆርቆሮዬ ሥር ቀበርኩት። ፀሐይዋ ግን የእኔን ቁጣ ከቁብ ሳትቆጥር መንገዷን ቀየረች። በየካቲት መጨረሻ ቀትር ላይ ቀዩን ክሬን አልፋ ገባች። በሳምንቱ ፈርኖቹ የጋለ ካውያ እንደነካው ናይለን ተኮማተሩ። ነጫጮቹ አበቦች ደግሞ በተራቸው ጥላ ውጧቸው፣ ቀጥነው ቀጥነው ወደቁ። ከሠላሳ ሁለት ተክል አምስት ተረፈ።

ሰው ልኩን ስወስደው እጁን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ይቆምልኛል። ዕድሜ ልኬን የለመድኩት ይህን ነው፤ ጥላም ቆሞ የሚጠብቀኝ መስሎኝ። ለሚያድግ ልጅ ስሰፋ እንኳ ነገ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ እጥፋቱ ውስጥ እተዋለሁ፤ ለፀሐይ አንድ ጣት አልተውኩላትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። መምህሩ ያን ቀን በአጥሩ አሻግሮ አየኝ፤ አልሳቀም። አለመሳቁ ይበልጥ አመመኝ። ምክርህን ስለናቅኩ ይቅር በለኝ።

አሁን ክሩን አላነሳውም። የኅዳሩ ቀይ፣ የመጋቢቱ ሰማያዊ ነው፤ በየወሩ ሌላ ቀለም እጨምራለሁ። ፈርን የምተክለው ሁሉም ክሮች ጥላ ነው ብለው በተስማሙበት መሬት ላይ ብቻ ነው። ክሮቹ በሚጣሉበት ቦታ ደግሞ ፀሐይም ጥላም የሚችል ቁጥቋጦ ይገባል። ችግኝ ሻጯ «አይዞሽ፣ ዓመቱን ሳትለካ የተከለች አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም» አለችኝ። ትንሽ ተጽናናሁ።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። ለመሰናበቻህ ቀን ሱሪ ልሰፋልህ ነው። ቁልቁለት ስትወርድ እንዳይቀደድብህ የእርምጃህን ስፋት ሁሌ እንደምመዘግብ ታውቃለህ፤ ደብተሬ ላይ ያለው ግን አርጅቷል። ጫማህን አርጥበህ ሲሚንቶ ላይ እንደ ወትሮህ ተራመድና፣ ከአንዱ ዱካ እስከ ሌላው ለክተህ ላክልኝ። ቀኙንም ግራውንም ለየብቻ። ደግሞ እንዳታሳምረው።

እህትህ


ሚያዝያ 12

ለእትዬ፤

ፈርኖቹ አሳዘኑኝ። እኔም በመጀመሪያ ሥራዬ ወንዝ በበጋ ለክቼ፣ ክረምት ላይ ወንዙ ድልድዩን ትቶ በጎን ሲያልፍ ያየሁ ሰው ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እንደገና መጀመርሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ከእኔ ፈጥነሽ ነው የተነሳሽው።

ልኩ ይኸው። በቀኝ እግሬ ስረግጥ ስልሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር፣ በግራዬ አርባ ዘጠኝ። አሥር ጊዜ ሄጄ አማካዩን ነው የወሰድኩት። ረዳቶቼ አለቃቸው በእርጥብ ጫማ ወዲያ ወዲህ ብሎ የራሱን ዱካ ሲለካ ሲያዩ «ጡረታው በጊዜ ነው የደረሰለት» ተባባሉ። ሱሪ ይህን ሁሉ ይፈልጋል እንዴ?

ወንድምሽ


ግንቦት 5

ይድረስ ለወንድሜ፤

ቁጥር አይዋሽም፤ አንተ ግን ትዋሻለህ። የዛሬ ስድስት ዓመት የግራህ እርምጃ ሃምሳ ስምንት ነበር፤ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትሩ የት ገባ? «እግሬ እንደ ነበረ ነው» ብለኸኝ ነበር እኮ። ምርኩዝ ይዘሃል። ከመቼ ጀምሮ?

አንተን ከመረመርኩ አይቀር የራሴንም ላውጣው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ያን ቀን ሪባኔን ንፋስ ወስዶ ዛፉ ላይ ሰቀለው ብዬህ ነው የወጣኸው። ንፋስ አልነበረም። የወረወርኩት እኔ ነኝ። ለጓደኞቼ «ወንድሜ የማይወጣው ዛፍ የለም» ብዬ ፎክሬ አላመኑኝም፤ ላሳያቸው ፈለግኩ። አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ አንድ። ቅርንጫፉ ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አባታችን «ማን ውጣ አለህ?» ሲልህ «ማንም» አልክ፤ እኔም ዝም አልኩ። ስድስት ወር ጀሶ ውስጥ ተኛህ፣ ጦጣው የሚል ስም ወጣልህ፣ ግራ እግርህ አጥሮ ቀረ። በሕይወቴ የመጀመሪያውን ልብስ የሰፋሁት ያኔ ነው፤ አንድ እግሩ ያጠረ ሱሪ። በእኔ ኩራት ነው የወደቅከው። ይህን ሁሉ ዓመት ሱሪህን ሌላ ሰው እንዳይሰፋልህ የከለከልኩት ይቅርታ እየጠየቅኩህ ነበር፤ ግን ሱሪ አፍ የለውም። ይኸው በአፌ ጠየቅኩህ።

ከዚህ በኋላ ቁረጪው ብትለኝ አልከራከርህም። ብቻ መጀመሪያ መጥተህ ቁጭ በልበት።

እህትህ


ሰኔ 18

ለእትዬ፤

ምርኩዝ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ላሳስብሽ አልፈለግኩም።

እውነቱን ልንገርሽ። ሲሚንቶ ያልኩት ለእርጥበቱ አይደለም። ያ ጓሮ ያዳልጣል፤ ሥሩ ደግሞ እግር ይጠልፋል። እኔ እያንዳንዷን እርምጃ አይቼ ነው የምረግጠው። ሰው ሲያናግረኝ እንኳ ዐይኔ መሬት ላይ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ትሑት ነው ይሉኛል፣ እኔ የምፈልገው ጠጠር ነው። በጡረታዬ ቀና ብዬ የምሄድበት አንድ ቦታ አማረኝ። ከሲሚንቶ ሌላ አልታየኝም።

ስለ ሪባኑ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀደድኩት። ስመጣ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 28

ይድረስ ለወንድሜ፤

ሽኝትህ እንዴት ነበር? ሱሪው ልክ ሆነ? ደብዳቤ ማሳጠርህን ተረድቼዋለሁ፤ «ስመጣ» ያልከውንም ይዤዋለሁ። ስለ ሪባኑ ደግሜ አላነሳም። ስለ ጓሮው ግን ላውራህ፤ ካላወራሁ እፈነዳለሁ።

ክሮቹን ባለፈው ሳምንት አነሳኋቸው። ሰባት ቀለም ነበሩ፤ አሁን ጥላውን ያለ ክር በቃሌ አውቀዋለሁ። ፈርኖቹ ጉልበቴ ደርሰዋል። ቁጥቋጦዎቹ አጥሩን ስለሸፈኑት መምህሩ ሊያየኝ ሲፈልግ ሳል ብሎ በበሩ ይመጣል። ነጫጮቹ አበቦች ዳር ላይ ናቸው፤ ሲመሻሽ ሁሉም ነገር ሲደበዝዝ እነሱ ብቻ ይቀራሉ። ከተቆረጠው ቅርንጫፍ መቀመጫ አሠራሁ፤ ስባሪውን ደግሞ መሬቱ ላይ በተንኩት፣ አያዳልጥም። የበርሜሉን ክዳን ውሃ ሞላሁትና ወፎች መጡ። ጠዋት ጠዋት እየተጣሉ ይታጠባሉ። የክፍልህን የኋላ መስኮት አጥቤ ከፈትኩት፤ አልጋህ ላይ ተኝተህ ዛፉን ታየዋለህ።

ከኋላ በር እስከ መቀመጫው ሻካራ ድንጋይ ደርድሬያለሁ፣ በሥሮቹ መሃል መሃል፣ ሃያ ሁለት ድንጋይ። ይህ መንገድ አዋርዶኛል! መምህሩ ሦስተኛው ላይ ተደናቀፈና «ሜትር ጠፋብሽ እንዴ? አንዱ ሩቅ፣ አንዱ ቅርብ፤ ይሄ መንገድ ጤነኛ ሰው ያስነክሳል» አለ። ልጄም መጥታ «እማዬ፣ ሌላው ሁሉ አምሮ ይሄ ብቻ ተበላሽቶብሻል፣ ሰው ጠርተን እናስተካክለው» አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንድ ድንጋይ አይነካም።

ሰፈሩ ሁሉ ሊያየው ይመጣል። ቀሚስ ሊያሰፉ መጥተው ጓሮ ገብተው የሚቀሩ አሉ። ኮርቻለሁ፣ ወንድሜ። ያለፈው ኩራቴ ምን እንዳደረሰ ስለማውቅ ግን እፈራለሁም።

እህትህ


መስከረም 22

(ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ስኒው ሥር)

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና ገባህ።

ቁልፉን መምህሩ ሰጥቶሃል። እኔ ልጄ ቤት ነኝ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ። አትቀየመኝ። ስትፈርድ ፊትህን ለማየት አቅም አጣሁ። ሻዩ ቴርሞስ ውስጥ ነው። መጥረቢያው በሩ ጀርባ ቆሟል፤ ተስሏል። ቃል ቃል ነው።

በኋላ በር ውጣ። በግራ እግርህ ጀምር። ሌላ ምንም አልልህም።

እህትህ


መስከረም 22፣ ከሰዓት በኋላ

(በመምህሩ እጅ የተላከ)

ለእትዬ፤

እንዳልሽው በግራ እግሬ ጀመርኩ። እንደ ልማዴ አጎንብሼ ቀጣዩን ድንጋይ ስፈልግ እግሬ ቀድሞኝ ደርሶ አርፎበታል። ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛውም። አርባ ዘጠኝ፣ ስልሳ ስምንት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ስልሳ ስምንት። ሰባተኛው ላይ ገባኝና ቆምኩ። አንቺ ሴት፣ ሱሪ ነው እኮ ያልሽኝ!

ከዚያ ዐይኔን ከመሬት አነሳሁ። የቀሩትን አሥራ አምስት ድንጋዮች የሄድኩት ዛፉን እያየሁ ነው። ከወደቅኩ ወዲህ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ቅጠሉ ውስጥ ብርሃን እንዳለ አላውቅም ነበር። መቀመጫው ላይ ደርሼ ስቀመጥ ምርኩዜን የት እንደተውኩት ጠፋኝ፤ ለካ ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ጥዬው ነው የመጣሁት።

ስለ ሪባኑ። ስትወረውሪው አይቼሽ ነበር። ጫፉ ላይ ድንጋይ ቋጥረሽበት ነበር፤ ንፋስ ደግሞ ድንጋይ አይቋጥርም። የወጣሁት ለሪባኑ አይደለም። «ወንድሜ የማይወጣው ዛፍ የለም» ስትዪ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁሽ። ከዚያ በፊት በእኔ የኮራ ሰው አልነበረም። ለአባታችን «ማንም» ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ኩራትሽን አሳልፌ መስጠት አልፈለግኩም። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ያን ቀን ግን አትሰርዢብኝ።

መምህሩ ሊጠይቀኝ መጣ። ያቺው ሦስተኛዋ ድንጋይ ላይ ተደናቀፈና «እህትህ ሁሉን አሳምራ በዚህ መንገድ ተሳሳተች፤ ሰው ሁሉ ያነክስበታል» አለኝ። ተነስቼ ያለ ምርኩዝ ወደ እሱ ሄድኩ፣ እስከ በሩ፣ ከዚያም ተመለስኩ። እግሬን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ያዘው። ያን ጊዜ ፎከርኩ፣ እትዬ። «የኔ እህት የማትሰፋው ነገር የለም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰፈሩ እንዲሰማ። መምህሩ ተደናቀፈ እንጂ ማንም አልወደቀም።

መጥረቢያውን ሰጥቼዋለሁ፤ እንጨት የሚፈልጥበት አጥቶ ነበር አሉ። የቀዳሁት ሻይ ቀዝቅዟል። ነይና ሌላ አፍይልን።

ወንድምሽ